ድቡልቡሉ ሻጋታ

ባለፈው ዓመት በሳይንስ ማኅበራችን የደረሰብኝን ነገር ብጽፈው ለጓደኞቼ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

መምህራችን አስፐርጊለስ ኒገር የሚባለውን ጥቁር ሻጋታ በፈሳሽ ውስጥ እንድናሳድግ አዘዙን። ስኳርና ለሻጋታው ምግብ የሚሆኑ ጨዎች ያሉበትን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየጠርሙሳችን ሰጡን፤ የሻጋታው ዘር ካለበት ውሃም ዐሥር ዐሥር ጠብታ እንድንጨምር ነገሩን። እኔ ግን እንዳይበዛብኝ ፈርቼ አንዲት ጠብታ ብቻ ጨመርሁ። ጠርሙሶቹም ታላላቆቻችን ከአሮጌ ቬንትሌተር ሞተር በሠሩት መነቅነቂያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወዛወዙ ሰነበቱ።

በአራተኛው ቀን የጓደኛዬ ጠርሙስ እንደ አጥሚት ወፍሮ ተገኘ። በእኔው ውስጥ ግን ውሃው እንደ ጠራ ነው፤ አተር የሚያካክሉ ጥቂት ኳሶች ይንከባለሉበታል። እጅግ አፈርሁ። ጠርሙሴን ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ የጓደኛዬን ጽሑፍ ቃል በቃል ገለበጥሁ።

መምህራችን ሁለቱን ደብተሮች አነበቡና፣ «ልጄ፣ ያንተ ጠርሙስ ወዴት አለ?» አሉኝ። እየተንቀጠቀጥሁ አወጣሁት። ይቆጡኛል ስል አንዱን ኳስ በምላጭ ከፍለው አሳዩን፤ መካከሉ ሳስቶ ነበር።

«ሻጋታ የሚያድገው በክር መልክ ነው» አሉ። «ዘሩ ሲበዛ ክሮቹ በፈሳሹ ሁሉ ተበትነው ያወፍሩታል። ሲያንስ ግን እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ትልልቅ ኳስ ይሆናሉ። የወፈረው ለማማሰል ያስቸግራል፤ ኳሱም ከተለቀ ኦክሲጅን ወደ መካከሉ አይደርስም። ስለዚህ በፋብሪካ የዘሩን ብዛት፣ የማማሰሉን ኃይልና የፈሳሹን ኮምጣጣነት ይቆጣጠራሉ።» ይኸው ሻጋታ ከስኳር ሲትሪክ አሲድ እንደሚሠራ ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ጽፎ ነበር፤ ዛሬ አሲዱ በትልልቅ ጋኖች ሲመረት ትንንሾቹ ኳሶች ይመረጣሉ።

የገለበጥሁትን ሰርዤ ያየሁትን ጻፍሁ። ከዚያም በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ጠብታ ደግሜ ሞከርሁ፤ ጠብታው በጨመረ መጠን ኳሶቹ በቁጥር በዙ፣ በመጠን ግን አነሱ።

የጓደኛዬ ጽሑፍ እውነት ነበር፤ በእኔ ደብተር ሲገባ ግን ሐሰት ሆነ። ያን ዕለት ጠርሙሴን ደፍቼው ቢሆን ኖሮ ዘሩን አሳንሼ ኳስ ማብቀሌን ሳላውቅ እቀር ነበር።