የሊማሊሞ መንገድና የወልቀፊት ምሽግ

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። አንድ ቀን ግን ተማሪዎቼን ይዤ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመካከላቸው አንዱ «መምህር፣ ይህን መንገድ የሠራው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ኢጣልያ ነው» ብዬ በአጭሩ መለስሁለት። ማታ ሳስበው ግን መልሴ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ መሆኑን ተረዳሁ።

ከቡይት ራስ ሆኖ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ የስሜን ደጋ በድንገት ተቆርጦ ሲያበቃ ቆላው ከእግር በታች እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታያል። ተፈጥሮ ራሷ የገነባችው ቅጥር ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከያዘ በኋላ አስመራን ከጎንደር ለማገናኘት ሲል ይህን ገደል ፈለፈለው፤ መንገዱንም እያጠማዘዘ አወጣው፤ ዳርቻውን በድንጋይ ካብ ደገፈው፤ ለክረምቱም ጎርፍ መውረጃ አበጀለት። ድንጋዩን ከፈለጡትና ከተሸከሙት መካከል የአገሬው ሰዎች ነበሩበት፤ ስማቸውን ግን የጻፈላቸው የለም።

በ1933 ዓ.ም. ዘመኑ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ በግንቦትም አምባ አላጌ ወደቀ። በወልቀፊት በር የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር ግን እጁን አልሰጠም። ያን ጊዜ መንገድ የሠራው ጠላት መንገድ አፍራሽ ሆነ። በእንዲህ ያለ ገደል ላይ አንድ ጠምዛዛ ስፍራ በፈንጂ ከተናደ፣ መድፍም ሆነ የጭነት መኪና ሊያልፍ አይችልም፤ ዙሮ የሚሄድበት ሜዳ የለምና። ለመጠገን የሚመጣውም መሐንዲስ ከላይ በሚተኮስ ጥይት ሥር ድንጋይ መካብ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ክረምቱ ገባ፤ ጭቃና ጉም የምሽጉ አጋዦች ሆኑ።

ነገር ግን በሩን የዘጋ ሰው ራሱም ከውስጥ ተዘግቶበታል። ለአርበኞች ግን የመኪና መንገድ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የፍየልን ዱካ የሚያውቅ እግር ነበራቸው። እነርሱና የእንግሊዝ ጦር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መስመር ስለ ቆረጡበት፣ ምሽጉ ስንቁ እየተመናመነ ሄደ። በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ 3,000 ያህል ወታደር እጁን ሰጠ። ከእነዚህም ገሚሱ ገደማ ከኢጣልያኖች ጋር የተሰለፉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ድል አድራጊውም ተሽከርካሪውን በዚያ ለማሳለፍ የፈረሰውን መጠገን ግድ ሆነበት። ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የተማርሁት፣ የምሽግ ብርታቱና ድካሙ አንድ መሆኑን ነው፤ ጠላትን የሚያግደው ገደል እንጀራንም ያግዳልና።

በማግሥቱ ያን ልጅ ጠርቼ «ትናንት ያልሁህ አልተሟላም» አልሁት። «መንገዱን ያሰበው ወራሪ ነው፤ ድንጋዩን ከተሸከሙት መካከል ወገኖችህ አሉ፤ ያፈረሰው ያው ያሠራው ነው፤ በሩን ያስከፈተው ደግሞ በባዶ እግሩ የከበበው አርበኛና አጋሩ ነው። በምሽጉም ውስጥ የእኛን መልክ የያዙ ነበሩ።» ልጁ ጥቂት አሰበና «እንግዲያውስ አያቴ ከየትኞቹ ነበሩ?» አለኝ።

ይህን እኔ ልመልስለት አልቻልሁም። «ቤት ስትገባ ጠይቅ» አልሁት፤ «የሚነግሩህንም ደስ ቢያሰኝህም ቢያሳዝንህም ጻፈው።»