አምባሰልን በኖታ ስጽፍ

አምባሰል የሚባለው ቅኝት ከዶ ሲነሳ ድምፆቹ አምስት ናቸው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ብዙ ጊዜ ግን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አራት ፍላት ተደርድሮ አያለሁ። ሲ ፍላትና ሚ ፍላት ዜማው ውስጥ የሉም እኮ! ፒያኖ ተጫዋቹ አራቱን ሲያይ መነሻውን ፋ አድርጎ በፋ ማይነር ያነበዋል፤ እነዚያው አምስት ድምፆች ደግሞ ከፋ ሲነሱ ትዝታ ማይነር የሚባለው ሌላ ቅኝት ናቸው። አምባሰሉ እጁ ላይ ትዝታ ሆኖ ቁጭ!

እኔ ሬንና ላን ብቻ ነው ፍላት የማደርገው። የሙዚቃ ደራሲው ባርቶክም «ሚክሮኮስሞስ» በተባለው የፒያኖ ሥራው እንዲህ ያሉ ያልተለመዱ ምልክቶችን ተጠቅሟል። አንቺሆዬ ቅኝት ላይማ ይብሳል፦ ከዶ ሲነሳ ሬና ሶል ፍላት ናቸው፣ ላ ግን አይደለም። በአምስት ፍላት ከጻፍነው ላ በመጣ ቁጥር ናቹራል መለጠፍ ነው። ከላይ የቅኝቱን ስም በጉልህ እጽፋለሁ፤ ክራር የሚቃኝ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።