በሬ ተሽጦ ስለሚማሩት ትምህርት

ሰው የቤቱን ከብት ሸጦ ትምህርት ሲገዛ፣ የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

በእስቴ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በዓለም አቀፍ ግንኙነት የማስተርስ ዲግሪ ለመማር አዲስ አበባ ሊወርድ ማሰቡን አምና ነገረኝ። እናቱ ለመነሻ ይሆነው ዘንድ ከጥንዱ በሬዎች አንዱን ሸጠው ሊሰጡት ቃል ገብተዋል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ከእንግዲህ መቀናጆ መለመናቸው ነው። ጎረቤቶቹ ደግሞ «የእንግሊዝና የግብፅ ነገር ለእኛ አገር ገበሬ ምን ይረባዋል?» ይሉታል። «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ።

የጎረቤቶቹ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ መልሱ ግን ከደጃችን አይርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም በጊዜው መልስ አላገኘም። ንጉሡም እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ በዚህ ሰበብ የእንግሊዝ ጦር መጣ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ በጋፋት ያሠሩትን ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በሚያዝያም ወር በዚያው ሞቱ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይመለስ የቀረ ደብዳቤ እስከ ጋይንት አቀበት ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የስማዳን ወሰን ይዞ የሚወርደው በሽሎ ዐባይን ይቀላቀላል። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ተዋውለው ከዐባይ ውሃ በዓመት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብለው ሲካፈሉ፣ ኢትዮጵያ ከዚያ ማዕድ አልተጠራችም። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ግድብ ውሃ ይይዛል እንጂ ሰውን አያስረዳም፤ ውል አንብቦ፣ የሌላውንም ሥጋት ተረድቶ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጕሙንና፣ በማግሥቱ እንግሊዝኛውን ብቻ አይተን ወደ አማርኛ እንድንመልሰው ያዙን ነበር። በመካከል የጠፋው ነገር ያን ጊዜ ይገለጥ ነበር። የዚህም ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይኸው ይመስለኛል፤ ይኸውም የራስን ጉዳይ በባዕድ ጆሮ ሰምቶ፣ ሳይቈጡና ሳይሸነግሉ መናገር ነው።

ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን አምባሳደር አያደርግም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖራቸው በቤተ ክህነት ትምህርትና በንባብ በስለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ዛሬ ግን ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ አልሁት፦

«ልጄ፣ ማዕረጉን ለስምህ ጌጥ ብለህ ከሆነ የእናትህን በሬ አታሽጥ፤ ጌጡ ቶሎ ያረጃል፣ እርሻው ግን ጦም ያድራል። ሌት ተቀን አንብበህ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህንም በራስህ ድካም ጽፈህ፣ አንዲት እውነት ለአገርህ ልታመጣ ከሆነ ሂድ። ተመርቀህ ሥራ ብታገኝ ከሁሉ አስቀድመህ በሬውን ተካ። ሥራው ቢዘገይም ተመልሰህ አስተምር፤ ያወቅኸውን ለልጆች ብትነግር አይባክንም። የሩቁን አገር ሰው ችግር እመረምራለሁ የሚል፣ መቀናጆ ፍለጋ የጎረቤት ደጅ የሚጠኑትን እናቱን ሊረሳ አይገባውም።»