ማሽኑ ሲወድቅ የጻፈው አብሮት አይጥፋ

መሐል ሜዳ ወይም ጓሳ አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ድንገት ሲቆም፣ ሊመረምረው የሚችለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መካከላቸው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። በስልክ የሚደርሰው ደግሞ «ቆሞብን ነበር፤ አጥፍተን ስናበራው ሠራ» የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶ የብልሽቱን ምክንያት ማወቅ አይቻልም። ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ሲወድቅ ግን የት ላይ እንደተሰናከለ ጽፎ ነበር፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጽሑፉም ጠፋ። ይህን ጽሑፍ ማትረፍ የጥገናው የመጀመሪያ ክፍል ነው እላለሁ፤ ዝግጅቱም ከውድቀቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ተርፎ የተገኘ መዝገብ ምን ያህል እንደሚያስረዳ እኛ ኢትዮጵያውያን በመሪር ሐዘን ዐውቀነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከተነሣ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑ ሁለት የበረራ መቅረጫዎች በማግሥቱ ተገኝተው ፈረንሳይ ተነበቡ። ወር ሳይሞላ የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት መሣሪያዎች የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 እንዳላለፈ ገለጸ። ምርመራው መንገዱን የያዘው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹ የተረፉት ደግሞ መቅረጫው አስቀድሞ ለዚያ ቀን ተብሎ ስለተሠራ ነው።

ከርነልም የሚጽፈው ያንኑ ያህል ቁም ነገር አለው። ሊነክስ የተባለው ከርነል ስሕተት ሲገጥመው የስሕተቱን ዓይነት፣ የተሰናከለበትን ፈንክሽን ስምና እዚያ ያደረሰውን የጥሪ ሰንሰለት በተርታ ያሰፍራል፤ ከውጭ የተጫነ ድራይቨር ካለም በፊደል ምልክት ያሳያል። ችግሩ አንዱ ስሕተት ሌላውን መጥራቱ ነው። ምክንያቱን የሚነግረን የመጀመሪያው መልእክት ነው፤ 25 መስመር ብቻ በሚይዘው የድሮ የጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚቀረው ግን የመጨረሻው ነው። በግራፊክ ስክሪን ላይ ደግሞ ለዓመታት ምስሉ ደርቆ ከመቅረት በቀር ምንም አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሊነክስ 6.10 መልእክቱን በዚያው ስክሪን ማሳየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የተከተለው 6.12 በኪውአር ኮድ ማውጣትን ጨመረ። በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ እንግዲህ ጥሩ ማስረጃ መሆን ይችላል።

«ማጥፋትና ማብራት ከፈታው ምን ያደክመናል?» የሚሉ አሉ። ሥራው ስለተመለሰ ምክንያቱ አልጠፋም፤ የላላ ሜሞሪ ወይም የተበላሸ ድራይቨር ነገም ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ዳታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። «ሙሉ ሜሞሪውን ማስቀመጥ ራም ይበላል» የሚለው ግን እውነት አለበት፤ ይህን የሚሠራው ኬደምፕ ለሁለተኛ ከርነል የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ይይዛል። ለአነስተኛ ማሽን ፒስቶር ይበቃዋል፦ የመልእክቱን የመጨረሻ ክፍል ማሽኑ ሲነሣ በማይጠፋ ቦታ ያኖረዋል። ኔትኮንሶል ደግሞ በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልከዋል። ከሁሉ የሚከብደው የምሥጢር ጉዳይ ነው። በሙሉ የሜሞሪ ቅጂ ውስጥ የይለፍ ቃልና የሰው ሰነድ ሊገኝ ስለሚችል እሱ ከቢሮው አይውጣ፤ ለባለሙያ የሚላከው ጽሑፉ ብቻ ይሁን፤ እሱንም ለሕዝብ አትለጥፉት።

እንግዲህ በየወረዳው ኮምፒውተር የምትይዙ ወገኖቼ፣ ማሽኑ ደህና ሳለ ፒስቶር መሥራቱን አረጋግጡ። ሲወድቅም ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሡ፤ ሰዓቱንና ሲሠራ የነበረውን ሥራ መዝግቡ።