ቆጥሮ መቀበል

ሀራሙስ ውስጥ በቀትር የሚንቀሳቀሰው ቁራ ብቻ ነው። ጂቡቲ ከተማን ቁራ ሞልቷታል፤ ባሕሩን ተጠግተው ነጫጭ ቪላዎች በተደረደሩበት በዚህ ሰፈር ግን በመንገዱ ሰው ስለሌለ ይበልጥ የበዛ ይመስላል። አጥር ላይ ያርፋል፣ ውሃ ታንከር ላይ ይዘላል፣ ከአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ የሚንጠባጠበውን ይጠጣል። ከአምቡሊ የተነሣ አውሮፕላን ሲያገሣበት እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ እኛ ክረምት ገባ ብለን ጋቢ የምንደርብበት ወር እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይነድዳል።

ያረፍኩበት ቤት የወዳጄ ነው። ዘበኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበራቸውን ጥላው በዞረበት እያዞሩ ይውላሉ። ያን ቀን ቁራውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ከዚያ "ልጅቷ የቁራ መልእክተኛ ሆነችሳ" አሉኝ። ገበያ የሄደችው ወጥ ቤት ዘግይታ ነው። ከመርከብ ተልኮ በዚያው የቀረውን የኖኅን ቁራ እስከ ዛሬ አልማርነውም።

በኋላ ስትመጣ ምክንያቱን ነገረችን። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ፣ በማህሙድ ሀርቢ አደባባይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ፣ ሚኒባስ አጥታ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ከመሳቢያ ትንሽ ደብተር አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ቲማቲም፣ ይህን ያህል። ዓሣ፣ ይህን ያህል። መልስ፣ ይህን ያህል። ሳንቲሙን ደብተሩ ላይ ደረደረችና ዘንቢሏን ወደ ማራገፉ ዞረች።

"እትዬ ናቸው ጻፊ የሚሉሽ?" አልኳት፣ የቤቱን እመቤት ማለቴ ነው።

"ኧረ እሳቸው ገልጠውትም አያውቁ። ለራሴ ነው ጋሼ።"

ይህን መልስ ለመረዳት ወሎ፣ የልጅቷ አገር ሐርቡ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

ልጅቷ ወዳጄ ቤት ከመግባቷ በፊት በዚያው በጂቡቲ ሌላ ቤት ሠርታለች። የማን ቤት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እዚያ የስኳሩ ዕቃ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ማቀዝቀዣው ይቆለፋል። በገባች በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ስታነጥፍ ትራስ ሥር የ5,000 ፍራንክ ኖት አገኘችና አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። በሳምንቱ ከሶፋው ሥር ሌላ ኖት ወጣ። ሦስተኛውን ስታገኝ ነገሩ ገባት። "ገንዘብ የሚጠፋባቸው መስሎኝ ሳዝንላቸው ከርሜ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያው ከየት ምን ጠርጎ እንደሚያወጣ ስለማታውቅ፣ ቤት ስትጠርግ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ገንዘብ ጥሎ ሠራተኛ መፈተን በእኛም አገር ከእናት ለልጅ የሚወረስ ብልሃት ነው። ደግ የምላቸው ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። አሠሪዋ በዚያ ፈተና ስለ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሠራተኛዋም በዚያው ቅጽበት ስለ አሠሪዋ አንድ ነገር ታውቃለች። ይህች ሁለተኛዋ ዕውቀት ከዚያ ቤት አትወጣም። ልጅቷ ፈተናውን ሦስት ጊዜ አልፋለች፤ ለቤቱ የነበራት ፍቅር ግን በሦስተኛው አለቀ።

ፓስፖርቷም ከገባችበት ዕለት ጀምሮ "እንዳይጠፋብሽ" ተብሎ በማዳም ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት፣ የቤት ሠራተኛ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዷን በራሷ እጅ የመያዝ መብት እንዳላት በ9ኛው አንቀጹ አስፍሯል። ይህን የሚያህል ግልጽ ነገር በዓለም አቀፍ ሕግ መጻፍ ማስፈለጉ ያሳዝነኛል። የሰውን መሄጃ ቆልፎ የያዘ ሰው የሠራተኛውን ታማኝነት ከየት ሊያውቅ ይችላል? የቀረችው ወድዳ ይሁን ተይዛ አይለይም።

እኛ ዘንድ የመተማመን በር ተያዥ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሹፌር ሆኖ የሚቀጠር "ተያዥ አምጣ" ይባላል። ደመወዝ ያለው ዘመድ ይፈለጋል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ደግ ሕግ ነው፤ ወሰን የሌለው ዋስትና ስንት ቤት ፈትቷል። እኔ በወጣትነቴ ግምጃ ቤት ስቀጠር ተያዥ የሆነኝ አጎቴ ግን ቁጥሩን ሳያነብ ነው የፈረመው። ብዕሩን እየከደነ "አታዋርደኝም" አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ብር አልነበረም፤ ያቺ አንዲት ቃል ነበረች።

ስደት ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝተኛ አጎት የለም። ልጅቷን ወደ ወዳጄ ቤት ያስገቧት ዘበኛው ናቸው። የሐርቡ ልጅ መሆኗን ከንግግሯ ለይተው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀው፣ እትዬን "እኔ አለሁ" አሏቸው። በወር ደመወዝ የሚያድሩ ሽማግሌ አንድ ነገር ቢጎድል በምን ሊተኩ ነው? የሚያስይዙት ስማቸውን ብቻ ነበር። እትዬም ተቀበሉት። ልጅቷ በገባችበት ቀን በለመደችው ፓስፖርቷን አውጥታ ስትዘረጋ "ምን ልሥራበት? ያንቺ ነው" አሉና የግቢውን በር ቁልፍ ጨመሩላት። "በአንድ እጄ ፓስፖርቴን፣ በአንድ እጄ ቁልፉን ይዤ መግቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ" ብላኛለች።

ደመወዟም ቀኑን አያሳልፍም። አደባባዩ ዳር ቦርሳቸውን ታቅፈው የሚቀመጡትን ሴት መንዛሪዎች ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ እንደተተከለ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በክፍት መንገድ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ብዙ ሳይከራከሩ ገንዘብ ሰጥተው ገንዘብ ይቀበላሉ። ልኩ የታወቀ ነገር ሰውን ያሳርፋል። ለሠራተኛም የደመወዝ ቀን እንዲህ ነው፤ ቀኑ ከተናጋ የአለቃው ጥሩ ንግግር ሁሉ አብሮ ይናጋል።

ወዳጄ ትራንዚተር ነው፤ ኑሮው ከወደብ ወረቀት ጋር። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የኮንቴይነር ቁጥር አነባበብ አስተማረኝ። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው። ሰባተኛው አኃዝ ከፊቱ ካሉት ፊደላትና አኃዞች በስሌት የሚወጣ ስለሆነ፣ መሐል ላይ አንዱን ቢሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል። ይህን ሲነግረኝ ተከዘና አንድ ታሪክ አመጣ። በቢሮው የሚሠራ ልጅ የጭነት ማዘዣ ላይ 3ቱን 8 አድርጎ ጻፈ። ወዲያው ነቅቶበታል፤ ግን በራሴ አስተካክለዋለሁ ብሎ ሦስት ቀን ደበቀው። መኪናው ቆመ፣ የወደቡ ኪራይና የመዘግየት ቅጣቱ ቆጠረ።

"ልቆጣው ተነሣሁ" አለ ወዳጄ፣ "ከዚያ ግን አስታወስኩ። ከወር በፊት ሌላውን ልጅ በትንሽ ስሕተት ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኼበታለሁ። ይኼኛው ያኔ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። የሦስቱን ቀን የከፈልኩት እኔ፣ መደበቅንም ያስተማርኩት እኔ።"

አሁን በቢሮው ማንኛውም ማዘዣ ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው ድምፁን አውጥቶ ያነበዋል። ወዳጄ የጻፈውንም ሳይቀር ከሁሉ በኋላ የተቀጠረችው ልጅ ታነብበታለች። ሰባተኛው አኃዝ ማንንም አይጠረጥርም፤ የሰው ዓይን እንደሚደክም ብቻ ያውቃል። ትራስ ሥር የሚወሸቀው ኖት አንዲትን ልጅ ብቻ ለይቶ ይጠብቃታል። ሁለቱንም "ቁጥጥር" በሚል አንድ ቃል መጥራታችን ብዙ መሥሪያ ቤት በድሏል ብዬ አስባለሁ።

እዚያው ሳለሁ የቤቱ ሕፃን አተኮሰው። እትዬ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጡትና ስልክ ሊያነሡ ወጡ። ወጥ ቤቷ ይህን ሳታውቅ ደግማ ሰጠችው። ጠርሙሱን ስትከድን ሳህኑ ላይ የተቀመጠ ሌላ ማንኪያ አየች፤ እርጥብ ነበር። በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። "እትዬ፣ መድኃኒቱን ደገምኩት መሰለኝ!" ሐኪም ተደወለለት፤ ምን መጠበቅ እንዳለባቸውና የሚቀጥለው መቼ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ሌሊቱን ሁለቱም አጠገቡ አደሩ፤ ሲነጋ ልጁ ወተት ጠየቀ። ጠዋት ቡና ስታቀርብ ፊቷ ገና አልተመለሰም ነበር። "በፊተኛው ቤት ቢሆን" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማንኪያውን አጥቤ ዝም ነበር።"

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሁለት ሆስፒታሎች የነርሶችን የመድኃኒት ስሕተት አጥንታ ነበር። ተግባብተው የሚሠሩት ቡድኖች የሚሳሳቱት ጥቂት ይሆናል ብላ ጠብቃ፣ መዝገቡ የተገላቢጦሹን አሳያት፤ ከእነሱ ዘንድ የተመዘገበው ስሕተት ይበልጥ ነበር። ኋላ እንደተረዳችው እነዚያ ነርሶች ስለ ስሕተታቸው ሳይፈሩ ይናገሩ ኖሯል። ሌሎቹ ዘንድ ማንኪያው እየታጠበ ነበር ማለት ነው።

በአማርኛ "አመነ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን እንደሆነ ያስተዋልኩት ያን ጠዋት ነው። ሰውየውን አመነው እንላለን፤ ጥፋቱን አመነ እንላለን። የመዝገበ ቃላት ሰዎች ምን እንደሚሉ እንጃ፣ እኔ ግን በዚያች ኩሽና ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ በዓይኔ አየሁ። መጀመሪያ እትዬ አመኗት፤ ስለዚህ ልጅቷ አመነች። ቁልፉ በእጁ ያለው ሰው ሳይጀምር ሌላው እንዴት ይጀምራል?

መመለሻዬ ሲደርስ ደሴ ጉዳይ እንዳለኝ ሰምታ ለእናቷ የምሰጥላትን ኤንቨሎፕ አመጣች። "ልቁጠርልሽ" ብላት "ተቆጥሯል ጋሼ" አለችና እጄ ላይ አኖረችው። ደስ አለኝ። ከናጋድ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ድሬዳዋ እስክደርስ፣ ከድሬዳዋም አዲስ አበባ፣ የደረት ኪሴን ስንት ጊዜ እንደዳሰስኩት አላውቅም። ማታ ስተኛ ሸሚዜን አላወለቅሁም።

ሐርቡ ላይ እናትየው ቤት ገብቼ ኤንቨሎፑን ሳስረክብ "ልጅዎ ሳትቆጥርልኝ ነው የሰጠችኝ" አልኳቸው፤ መታመኔን እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ሰፌድ አቀረቡ፣ ብሩን አፈሰሱበት፣ ጮክ ብለው እኔ እያየሁ አንድ ጊዜ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ልጅቷ በስልክ የነገረቻቸው ልክ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ ብሩን መቀነታቸው ላይ እየቋጠሩ ቀና አሉ።

"አይክፋዎ ልጄ። ቆጥሬ ስቀበልዎ ነው አደራው ከትከሻዎ የሚወርደው። ዛሬ ተኝተው ይደሩ።"