ሶሪያሲስና የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ

ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ያለበት የአምባ ጊዮርጊስ ሰው የወገራን ብርድ በቆዳው ያውቀዋል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ክርኔና ጉልበቴ ላይ ያለው ቁስል ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ጋቢዬን ሳራግፍ እንደ ዱቄት ይበናል። ሳከው ይደማል፤ ያከክሁት ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ይወጣል።

ከማሳከኩ ይልቅ የሰው ዓይን ይከብዳል። ለምጽ ነው የሚል አለ፤ ከአንድ ትሪ አብሮኝ ላለመብላት ሰበብ የሚፈልግም አለ። ሶሪያሲስ ግን አይተላለፍም! የሰውነት መከላከያ ተዛብቶ ቆዳው ከልክ በላይ ፈጥኖ ስለሚታደስ የሚመጣ ነው፤ ጤነኛ ቆዳ በወር ገደማ የሚታደሰውን ይህ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያበርደው ግን አለ። እኔን የረዳኝ ሐኪም ያዘዘልኝ የቤታሜታዞን ቅባት፣ ታጥቤ ገላዬ ሳይደርቅ የምቀባው ቫዝሊንና የጠዋት ፀሐይ ነው። ለጠናበት ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ፤ እሱ ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ከአረቄም ጋር አይስማማም። ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ የታዘዘላችሁን ግን አታቋርጡ።

ጠዋት ጠዋት ጣታችሁ ወይም ጉልበታችሁ የሚያብጥና ግትር የሚል ከሆነ አትቆዩ፤ ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም ይጎዳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም አለ፤ ሂዱ። ስሙን የማታውቁትን ቅባት ከሱቅ ገዝታችሁ ፊታችሁን አትቀቡ።