ከአሰላ የመጣው ወረቀት ምን ይላል?



እኛ ባደግንበት በሁሩታ አንድ ሰው ታሞ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ ሄዶ ሲመለስ፣ ከእጁ ቀድሞ የሚወጣው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ሐኪሙ የተናገረው በመኪና መንገድ ላይ ግማሹ ተረስቷል፤ ወረቀቱ ግን አለ። በመሆኑም ፊደል ቆጥራችኋል የተባልን የሰፈር ልጆች እንጠራለን። “እስቲ ልጆቼ፣ ምን ይላል?” ይሉናል አባወራው። ወረቀቱ በቁጥርና በፈረንጅ ፊደል የተሞላ ነው። ከአንዱ ቁጥር ጎን “ኤች” የምትባለው ፊደል ካለች ከፍ ብሏል ማለት ስለሆነ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ ይለዋወጣል። ከእነዚህ ወረቀቶች ይበልጥ ሰውን የሚያስጨንቁት የኩላሊትና የታይሮይድ እጢ ምርመራዎች ሆነው ስላገኘናቸው፣ ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ለወጣቶችና ለቤተሰቦች ልናካፍል ብዕራችንን አንስተናል።

ኩላሊት ሲባል በአገራችን ቶሎ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው እጥበት ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ እጥበትም ከቀድሞው በበለጠ ቦታ ይገኛል። ይሁን እንጂ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ መታጠብ ለአንድ ስንዴ አምራች ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የአርሲ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ “ክሪያቲኒን ከፍ ብሏል” የሚል ወረቀት ሲመጣ በሬ ስለመሸጥ መነጋገር የሚጀመረው በዚያው ምሽት ነው።

ለመሆኑ ክሪያቲኒን ምንድን ነው? ከጡንቻችን ዕለት ዕለት የሚወጣ፣ ኩላሊትም አጣርቶ በሽንት የሚጥለው ጥራጊ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ነገር ግን ምንጩ ጡንቻ ስለሆነ ቁጥሩ የሚነገረን ስለ ኩላሊት ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰውየው ሰውነትም ጭምር ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ሰዎች ተመርምረው የሁለቱም ውጤት 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ እንበል። አንደኛው የ25 ዓመት ጎረምሳ፣ ሁለተኛዋ የ70 ዓመት እናት ናቸው። ሐኪሞች በዕድሜና በጾታ እያስሉ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያወጡበት ቀመር አላቸው፤ ጂ.ኤፍ.አር. ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የጎረምሳው 95 ገደማ ይሆናል፤ ደህና ነው። የእናቲቱ ግን 54 ገደማ ነው፤ ከ60 በታች ስለሆነ ክትትል ይፈልጋል። ሁለቱም ወረቀት ላይ “ኤች” የሚባል ፊደል ላይኖር ይችላል። ኤች የለም ተብሎ እናቲቱ “ደህና ነሽ” ተብለው ቢመለሱ፣ ያ ዝምታ ከኤቹ የከፋ ነው።

የመለኪያው ነገር ደግሞ አለ። አንዱ ላቦራቶሪ በሚሊግራም ይጽፋል፣ ሌላው በማይክሮሞል። 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። አንድ አባት ባለፈው ዓመት 1.1 ነበር፣ ዘንድሮ 97 ሆነ ተብሎ ሲለቀስበት ያየነው ወረቀት፣ በትክክል ሲሰላ ያው ምንም ያልተለወጠ ኩላሊት ነበር። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ሳያዩ ቁጥሩን ማንበብ፣ ኩንታል ይሁን ኪሎ ሳይጠይቁ እህል እንደመግዛት ነው።

ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊልም ይችላል። ሰው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ከርሞ ውሃ ካጣ ከፍ ይላል። በዒድ አል-አድሐ ማግስት ሥጋ በደንብ የበላ ሰው ደሙ ቢመረመር ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ለወገብና ለጉልበት እየተባለ የሚወጋውና የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ኩላሊቱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ሰዉ በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ ሲገዛው ማየታችን ያሳዝነናል። ስለዚህ ነው ሐኪሞች ኩላሊቱ ሥር የሰደደ ሕመም አለበት ለማለት ጉድለቱ ከ3 ወር በላይ መቆየቱን የሚጠይቁት። በአንድ ወረቀት አይፈረድም። ቁጥሩ ድንገት በጣም ከጨመረ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ሰውነት ካበጠ ግን ለሦስት ወር መጠበቅ ሳይሆን በዚያው ቀን መሄድ ነው። ከሽንት ጋር ፕሮቲን መውጣት አለመውጣቱን የሚያሳየው የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፤ በጤና ጣቢያም ይሠራል። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሳይነገረው ራሱ ሊጠይቀው ይገባል።

ወደ ታይሮይድ እንለፍ። “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ እንቅርት በተረታችን ውስጥ የገባው በአገራችን ስለበዛ ነው። ዝናብ አዮዲኑን አጥቦ በወሰደበት ደጋ አገር በምግብ የሚገኘው አዮዲን አነስተኛ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እናቶች ሆይ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ በእሳት ብዛት አዮዲኑ ይባክናልና።

አንገት ማበጥ ብቻውን ግን እጢው በደንብ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን አይናገርም። የሚናገረው ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ሰዉ ራቅ ወዳለ ከተማ ይሄዳል። አነባበቡም ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. ከታይሮይድ አይወጣም፤ ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ እጢ ይወጣል። እናት ልጇን ስትጠራ አልሰማ ካላት ድምፅዋን ከፍ እንደምታደርግ፣ ታይሮይድ ሲደክም ፒቱታሪ ቲ.ኤስ.ኤች.ን ታበዛለች። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል እጢው ደክሟል፤ ቁጥሩ ሲወርድ እጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ያለው እንደ ደህና ይቆጠራል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሸመገለ ሰው ልኩ ይለያል። ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ሲሆን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ መመርመር የተለመደ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው ላይ የተወሰደ ውጤትም ያሳስታል።

አሁን ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙበት ላይ ደርሰናል፤ ብዕራችንን ያነሳነውም በተለይ ለዚህ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት የ48 ዓመት ጎረቤታችን ክሪያቲኒናቸው 1.6 ሆኖ፣ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ክሊኒክ “ኩላሊትዎ ደክሟል” ብሎ ሸኛቸው። ልጃቸው አዳማ ሄዶ የእጥበት ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ። ቤት ውስጥ የበሬዎቹ ነገር ተነሳ። በኋላ አንድ ጤና መኮንን ዘንድ ስናደርሳቸው ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ፊታቸውን ተመለከተ፤ እብጥ ብሏል። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበዋል።

“እናቴ፣ ብርድ ብርድ ይልዎታል እንዴ?” አላቸው።

“ኧረ ልጄ፣ ከአምና ጀምሮ ከእሳት ዳር አልለይም” አሉት፣ በጎረነነና ቀስ ባለ ድምፅ።

ሽንታቸው ሲመረመር ፕሮቲን አልተገኘበትም። ቲ.ኤስ.ኤች. ሲታይ ግን ከ60 በላይ ሆኖ ተገኘ። ታይሮይድ ሲደክም ልብ የሚረጨው ደም ይቀንሳል፣ ኩላሊትም የሚያጣራው ያንሳል፤ በዚህም ክሪያቲኒን ከፍ ይላል። የታይሮይድ ክኒን ተጀመረላቸው። ከአምስት ወር በኋላ ክሪያቲኒናቸው 1.0 ሆነ፤ በሬዎቹም በዚያ ክረምት አረሱ፣ አልሐምዱሊላህ።

የሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱም ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሊኖር ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሠራ ሰው ይከሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ክሪያቲኒኑም ወርዶ የደከመ ኩላሊት እንደ ደህና ሊታይ ይችላል። ታክሞ ሲሻለው ቁጥሩ ከፍ ይልና ቤተሰቡ “መድኃኒቱ ኩላሊቱን ጎዳው” ብሎ ክኒኑን ይጥላል። ስለዚህ ወጣቶች ወረቀት ስታነቡ በአንዱ ቁጥር አትቁሙ። ያልታወቀ የክሪያቲኒን መጨመር ካለ “ታይሮይዱ ታይቷል ወይ?” ብላችሁ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ። የቀድሞ ወረቀቶችንም አትጣሉ፤ በአንድ ፌስታል ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል ይቀመጡ። ዘንድሮ 1.2 የሆነ ሰው አምና 0.7 ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ረመዳን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን ጥቂት እንጨምር። ከሰዓት በኋላ በጾም ላይ ሆኖ ደም የሚሰጥ ሰው ጾመኛ መሆኑን ይናገር፤ ውሃ ማነሱ የኩላሊቱን ቁጥር ሊያንረው ይችላልና። ኩላሊቱ በእርግጥ መድከሙ የታወቀበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ዲናችን ለታመመ ሰው የሰጠው ሩኽሳ አለ። የታይሮይድ ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ የሚዋጥ ነው። ቡና ወዲያው ከተከተለው ሰውነት የሚያገኘው ያንሳል፤ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒንም በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች. ደግሞ ሲለካ ነው። በጾም ወራት ከኢፍጣር ምግብ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲተኙ፣ ወይም ከሱሁር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መዋጥ ይቻላል። በአካባቢያችን ያሉ አንዳንድ እናቶች ክኒኑን ከውሃ ኮዳ ጋር ከራስጌያቸው አስቀምጠው ያድራሉ። ለሱሁር ሲነቁ መጀመሪያ እሱን ውጠው እሳት ያቀጣጥላሉ፤ ምግቡ ሞቆ እስኪቀርብ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል።